የሁዳዴው ሥጋ

ባለፈው ማክሰኞ የምስር ወጤን አውጥቼ ልቀመጥ ስል በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ አንዲት ቀጭን ልጅ በአንድ እጇ ወረቀት፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። «እማማ፣ ይቅርታ ካስቸገርኩዎ። የሰፈሩ ውሾች በመርዝ ከሚያልቁ ክትባት ተሰጥቷቸው ይኑሩ ብለን ፊርማ እያሰባሰብን ነው» አለችኝ። ከእኔ በፊት ብዙ በር አንኳኩታ የፈረሙላት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ጎረቤቴማ «ሰው ተቸግሮ እያለ አንቺ ለውሻ ታለቅሻለሽ?» ብሎ በሩን ደርግሞባታል።

መነጽሬን እየፈለግሁ ሳቄ መጣ። ልጅቱ በእሷ የሳቅሁ መስሏት ፊቷ ቀላ። «ኧረ በአንቺ አይደለም የኔ ልጅ፤ ግቢ፣ አረፍ በይ» አልኳት። የሳቅሁት በራሴ ነው። በዚሁ በጎንደር፣ በዚሁ በሁዳዴ፣ ልክ እሷን በማክልበት ዕድሜ፣ በውሻ ምክንያት ሃይማኖቷን ለወጠች ተብዬ አውቃለሁ። እንጀራውን ለሁለት ዘርግቼ አጫወትኳት። ለእናንተም እንደዚያው ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሲሆን የጤና ረዳትነት እማር ነበር። የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። አባቴ ገና በልጅነቴ ሞቷል። ታላቅ ወንድሜን ደግሞ በዚያ በክፉው ጊዜ አንድ ጠዋት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። እናቴ ዘውዴ በሆስፒታል ልብስ ስፌት ክፍል ነበር የምትሠራው። ቤት ውስጥ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ወጡ ጨው ያነሰው እንደሆነ የሚያስጥለኝ የለም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እሑድ እሑድ መሄዱ ግዴታ ስለሆነ ትሄዳለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች፣ እጅ አውጡ ሲባል ታወጣለች፣ አውርዱ ሲባል ታወርዳለች። ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ውሻዬን ሸጌን ያገኘኋት ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአዘዞ እህል ጭኖ የሚመጣ ማኪና አንዲት ቡላ ውሻ ገጭቶ ሲያልፍ አየሁ። ውሻዋ ከቦዩ ውስጥ ወደቀች። አላፊ አግዳሚው «ተያት፣ አበቃላት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ስለ ስብራት ተምሬ ነው የወጣሁት፤ ቦርሳዬ ውስጥ የልምምድ ፋሻ አለ። እንግዲህ ገና የተማረ ሰው ታውቁታላችሁ፣ የሚያክመው ሲያጣ ያብዳል። ሸምበቆ ሰብሬ እግሯን አሰርኩት፣ በሹራቤ ጠቅልዬ ተሸከምኳት።

ቤት መውሰድ አይታሰብም። እናቴ ለወንድ ውሻም ፊት አትሰጥ፣ ሴት ውሻማ «ዓመት ሳይሞላት ግቢውን መንጋ ታደርገዋለች» ብላ ከበር ነው የምትመልሳት። ስለዚህ ወደ ቀበሌው መጋዘን ወሰድኳት። መጋዘኑ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። ዘበኛው አያ ካሴ ይባላሉ፤ ከአይከል አካባቢ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ምን ተሸክመሽ ነው?»

«ውሻ ናት አያ ካሴ። እግሯ ተሰብሯል።»

«ምነው ታዲያ ከቤትሽ አልወሰድሻት?»

«እማዬ ትገለኛለች!»

ሹራቡን ገለጥ አድርገው አዩዋት። ሆዷን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ሸጋ ውሻ ናት። ደሞም ብቻዋን አይደለችም፤ እርጉዝ ናት» አሉ። እንግዲህ የጤና ተማሪዋ እኔ፣ እርግዝናውን ያወቁት ገበሬው! ከመጋዘኑ ጀርባ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ጥግ ነበር። እዚያ ጆንያ አነጠፉላትና ስሟን ሸጌ አሏት።

ሁዳዴ ገባ። የጎንደርን ሁዳዴ እወደዋለሁ፤ ሱፍ ፍትፍቱን፣ ተልባውን፣ ስልጆው አፍንጫ ድረስ ሲሰነፍጥ፣ በጠራራው ፀሐይ ቅዳሴ እስኪወጣ ሆድ ሲጮህ። ለእኛ ለሰዎቹ ያምርብናል። ለውሻ ግን ሌላ ነገር ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ይዘጋል፤ መስቀያው ባዶውን ይንጠለጠላል። የከተማው ውሻ ደግሞ የሚኖረው በሥጋ ቤት ደጃፍ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጎናቸው ይቆጠራል። በሦስተኛው መንጋ ሠርተው ይዞራሉ፣ ከሰው እጅ ይነጥቃሉ፣ ያኔ ሰው «ዘንድሮ ውሻው ምን ነካው?» ይላል። ምን ይነካዋል፣ ራበው እንጂ! እኔም ብሆን ሸጌን እስካገኝ ድረስ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ሸጌ ሽሮ አልበላም አለች። በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠኋት፤ ለይሉኝታ ላስ አድርጋ ተወችው። ጎመንማ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሆዷ ሲገፋ ጎኗ ግን እየሟሸሸ መጣ። ባልና ልጅ ያላት ሴት የምትጨነቀውን ያህል ተጨነቅሁ። በመጨረሻ አዲስ ዓለም ወረድኩ።

አዲስ ዓለም የእስላሞች ሰፈር ስለሆነ ሥጋ ቤቱ በጾማችን አይዘጋም። እዚያ ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ሥጋ ሻጭ አውቃለሁ። እጃቸውን ቢላ ቆርጧቸው ለልምምድ ወደምወጣበት ክሊኒክ ሲመጡ ፋሻ የምቀይርላቸው እኔ ነበርኩ። ሲያዩኝ ቢላቸውን አስቀመጡ።

«ጥሩወርቅ! በሁዳዴ? ምን ነክቶሽ ነው ልጄ?»

«ለእኔ አይደለም ጋሽ ኑሩ፤ ለውሻ ነው። እርጉዝ ናት፣ ልትሞትብኝ ነው።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና «እኔ ውሻ አልነካም። ራበው ሲሉኝ ግን ዝም አልልም» አሉ። ጅማቱን፣ ትርፍራፊውን፣ መቅኒ ያለውን አጥንት በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ዘንቢሌ ውስጥ ከተቱልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ከላይ ጎመን ጣይበት። ሰፈርሽን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

እንደተባልኩት አደረግሁ። በየሁለት ቀኑ አዲስ ዓለም እወርዳለሁ፣ ጎመን ከላይ ሥጋ ከታች አድርጌ ሽቅብ ወደ ፒያሳ እወጣለሁ። ሸጌ በሳምንት ውስጥ ዓይኗ በራ፣ ጅራቷ ተነሣ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የሌሎቹን አፍንጫ ነው። ጎመኑ ሰውን ይሸውዳል እንጂ ውሻን ይሸውዳል እንዴ? መጀመሪያ አንድ ተከተለኝ፣ ከዚያ ሦስት፤ በኋላ በፒያሳ መካከል ስሄድ ከኋላዬ ረጅም የውሻ ሰልፍ ሆነ። ያን ጊዜ ሰልፍ የማይወጣ የለም፣ ባለሱቆቹ ከደጃቸው ወጥተው «ዛሬ ደግሞ የማን ማኅበር ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሰልፉን ካዩት አንዷ እትዬ ብርቄ ናቸው። ጎረቤታችንም የእናቴ የማርያም ማኅበርተኛም ነበሩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አቆሙኝና «እሰይ፣ ይሄ ጎመን እንዴት ለምለም ነው! ከየት አገኘሽው?» ብለው እስሩን ብድግ አደረጉት። ከሥሩ ጋዜጣው ደም ጠጥቶ ቀልቷል። ዘንቢሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አማተቡ፣ ጎመኑን መልሰው ሄዱ። ምነው በሰደቡኝ! ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ነው የሚያስፈራው።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። የዘውዴ ልጅ ጾም ሻረች። ኧረ ጾም መሻር ብቻ አይደለም፣ ልትሰልም ነው። ለጋሽ ኑሩ ወንድ ልጅ ታጭታለች፤ ቀኑ ሁሉ ተቆርጧል። እኔን ያስገረመኝ ጋሽ ኑሩ ያሏቸው አምስት ሴቶች ብቻ መሆናቸው ነው። አብሮኝ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም የነበረ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር። እውነቱን እንዳልናገር ደግሞ አያ ካሴን ከእንጀራቸው ማስባረር ይሆንብኛል፤ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ውሻ ደብቀዋልና።

በዚሁ መሃል ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስነገረ። ውሻው አስቸግሯልና ባለቤት የሌለው ሁሉ ሰኞ ጠዋት በመርዝ ይወገዳል። ባለቤት ነኝ የሚል እሑድ በስብሰባው ቀርቦ ያስመዝግብ፤ ለውሻውም የአንገት ማሰሪያ ያድርግ። ማስመዝገብ የሚችለው አባወራ ወይም እማወራ ነው። እኔ አንዱንም አይደለሁም። አያ ካሴም አዳራቸው መጋዘን ስለሆነ በቀበሌው የቤት መዝገብ ላይ የሉም። «ምን ይሻላታል ልጄ?» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። የሸጌ ነፍስ በእናቴ አፍ ላይ ወደቀ፤ የእናቴ አፍ ደግሞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አይከፈትም።

ዓርብ ዕለት እትዬ ብርቄ ቤታችን መጡ። የማርያም ማኅበር የዚያ ወር ተራ የእናቴ ነበር፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ሊቦካ ነው። አልቀመጥም ብለው እንደቆሙ «ዘውድዬ፣ የዚህን ወር ማርያም ሌላ ሰው ያውጣት። አንቺ ደክሞሻል» አሉ።

«ማን ደክሞኛል አለሽ?»

«እንዲያው... ቤትሽ ሥጋ ገባ ስለተባለ ሴቶቹ ቅር ብሏቸዋል።»

ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እናቴ እንግዳዋን እስከ በር ሸኝታ ተመለሰችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እውነት ነው?»

«ሥጋ ይዣለሁ፤ አልበላሁም።»

«ለማን ነው?»

«ለውሻ።»

«ኤዲያ! ስትዋሺ እንኳ ውሸት የሚመስል ዋሺ!» ብላ ጮኸች። በዕድሜዋ በጎንደር ከተማ ለውሻ ብሎ ሥጋ ቤት የሄደ ሰው አይታ ስለማታውቅ ልፈርድባት አልችልም። ስምልላት ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ፤ አሳዪኝ።»

አያ ካሴ እናቴን ከሩቅ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ለፍተሻ ሲመጣ እንኳ ያን ያህል ደንግጠው አያውቁም። እናቴ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ወደ ጀርባ አለፈች። ሸጌ በሦስት እግሯ ተነሥታ፣ ያን ትልቅ ሆዷን እያወዛወዘች፣ ጅራቷን ቆላች። እናቴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ቁጢጥ አለችና ፋሻውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ይህን ማነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ጠብቋል። ደሟን ያግዳል። ይህን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ፈታ እንደገና አሰረችው። የስፌት ሠራተኛ እጅ ነው፤ አንዲት ጭምዳጅ የለበትም። ሸጌ እጇን ስትልሳት «ኤጭ!» ብላ በአፈር ጠረገችው፣ ግን ቶሎ አልተነሣችም። «ስንት ይሆናሉ?» አለች ሆዷን እያየች። አያ ካሴ «አምስት ስድስት አያጡም እመቤቴ» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ለመንኳት። «እማዬ፣ እሑድ አስመዝግቢያት። አንቺ ካልተናገርሽ ሰኞ ትሞታለች።» እናቴ ሳታየኝ «እዚያ አፌን እንደማልከፍት ታውቂያለሽ» አለች። ታውቂያለሽ ያለችው ስለ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜን የወሰዱት ከዚያ አዳራሽ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ በኋላ አልለመንኳትም።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። ግራ እጃችንን ጨብጠን አንስተን መፈክሩን አልን፤ ስለ ምርት ዘመቻ ረጅም ንግግር ሰማን። ከዚያ ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገልጦ ወደ ውሻው ጉዳይ ገባ። ሁለት ሦስት ሰው የግቢ ውሻውን አስመዘገበ። «ሌላስ?» አለ። «ሌላ ከሌለ...» ብሎ ደብተሩን ሊያጥፍ ሲል አጠገቤ የእናቴ እጅ ወደ ላይ ወጣ። ነጠላዋን የምታስተካክል ነበር የመሰለኝ።

«ጓዲት ዘውዴ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ እሱም ደንግጦ።

እናቴ ተነሣች። በአንድ እጇ የፊቷን ወንበር ይዛለች። «አንዲት ሴት ውሻ አለችኝ። ቡላ ናት፣ የኋላ ግራ እግሯ ተሰብሯል፣ እርጉዝ ናት። ባለቤቷ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ ማኅበርተኞቿ ዞር አለች። «ልጄ ከአዲስ ዓለም ሥጋ ታመጣለች ብላችኋል። አዎ ታመጣለች፤ ለውሻዋ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። የጠረጠራችኋት እግዜር ይቅር ይበላችሁ፤ እኔም ጠርጥሬያታለሁ።»

አዳራሹ ጉርምርም አለ። ሊቀመንበሩ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ «ታዲያ ጓዲት፣ ውሻዋ አትጾምም ማለት ነው?» አለ፤ ሰው ሳቀ። እሱ ራሱ ሁዳዴን እንደሚጾም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኛ የማናውቅ የሚመስለው እሱ ብቻ ነው።

እናቴ አልሳቀችም። «ውሻ የንስሐ አባት የለውም ጓድ» አለች። «ጾሙን የያዝነው እኛ ነን። ሥጋ ቤቱን የዘጋነው እኛ፣ አጥንቱን የከለከልናቸው እኛ። እኛው አስርበናቸው፣ ስለራባቸው ደግሞ መርዝ ልናበላቸው ነው? ይሄ ጾም ነው ይሄ?»

ማንም አልሳቀም። እኔ አሁን ያስወጧታል፣ አሁን ይወስዷታል እያልኩ እጇን ጨብጫለሁ። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ እትዬ ብርቄ ተነሡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ያ... ያ ከእኔ በር የሚተኛው ጥቁሩ... የኔ ነው። ጻፉልኝ» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ «ያ አንድ ጆሮ ብቻ ያለውም የኔ ነው» አሉ። ከዚያማ ምኑ ይቆማል! ጅራተ ቆራጣው፣ የወፍጮ ቤቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር የማይጠፋው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ውሻ እስከ መጣላት ደረሱ። ሊቀመንበሩ ገጹ አልቆበት በደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ የስፌት ማኪናዋን አውጥታ የድሮ ዩኒፎርሜን ቀዳደደችው። የአንገት ማሰሪያ ሰፋች፣ እኔና እትዬ ብርቄ እየዞርን አሰርን። ሰኞ ጠዋት መርዝ ጣዮቹ ሲመጡ የሰፈራችን ውሻ ሁሉ ሰማያዊ ጨርቅ በአንገቱ አስሮ ተማሪ መስሎ ቆሟል። ሰዎቹ እርስ በእርስ ተያይተው ሄዱ። በሌላው ቀበሌ ግን እንዲህ አልሆነም፤ ያን ሳምንት በዚያ በኩል ማለፍ አልቻልኩም።

የማርያም ማኅበር በቤታችን ወጣ፤ ሴቶቹ ጠላውን ከመቅመሳቸው በፊት ሸጌን ካላየን አሉ። ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስድስት ወለደች፣ እግሯም ትንሽ ከማነከስ በቀር ዳነ። ቡችሎቹን የማደል ሥራ ማን ያዘው? እናቴ! ቡችላ የሚፈልግ ሰው ልጅ ሊያጭ እንደመጣ አስቀምጣ ትጠይቀዋለች፤ «በጾም ምን ታበላዋለህ?» ብላ፣ መልሱ ካልጣማት በባዶ እጁ ትሸኘዋለች። አንዱን አያ ካሴ አይከል ላሉ ልጆቻቸው ወሰዱ፤ አንዷ ከአንዲት የገብስ ነጋዴ ጋር ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ ሄደች። በየጾሙ አዲስ ዓለም የምትወርደውም ከዚያ በኋላ እናቴ ሆነች፤ ያለ ጎመን፣ ዘንቢሏን ገልጣ።

ልጅቱ እስከዚህ ሰምታ «እናትዎ እንዴት ደፋር ነበሩ!» አለችኝ። ደፋርስ አልነበረችም። እንደ ሁላችን ፈሪ ነበረች። ግን አንዴ በዚያ አዳራሽ ድምፅዋን ከሰማች በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። በሚቀጥለው እሑድ ስለ ቦኖው ውሃ ተናገረች፤ ከዚያ ስለ ስኳሩ፣ ከዚያ መድኃኒት ስላጡ ሕሙማን። ሊቀመንበሩ እጇን ሲያይ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ እኛ እንስቃለን። ዓመት አልፎ አንድ እሑድ ተነሥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ልጄን የት ነው የቀበራችሁት?» አለች። አልመለሱላትም። ግን ጠየቀች። በዚያ አዳራሽ ልጃቸውን ያጡ ብዙ እናቶች ነበሩ፤ የእናቴ ቃል ሳያልቅ እትዬ ብርቄ መጥተው ከጎኗ ቆሙ።

ስለዚህ «ሰው እያለ ለውሻ?» የሚሉኝን አልጣላቸውም፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚደርስ አላዩም። እኔ ግን አይቼ እንኳ የእናቴን ልብ አልወረስኩም። ይኸው እስከዛሬ በእድር ስብሰባ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም። ፈረምኩላትና ልጅቱ አመስግና ስትነሣ «ቆይ» አልኳት። «ቤት ለቤት ምን አደከመሽ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድራችን ይሰበሰባል፤ ነይና አጠገቤ ተቀመጪ። እናገራለሁ።» ካልኩት በኋላ ቃሌን ልመልስ ዳዳኝ። ቢሆንም አልኩት እንግዲህ።